ቀላል ሰው ነኝ?

ጥቅምት 2
ጸሎት አድርሼ ሻይ አፈላሁ። ለሁለት ሰው ነው ያፈላሁት... እጄ እስካሁን አልለመደም። ልጄ ደወለ። ከወጥ ቤታቸው አጠገብ ያለችውን ክፍል ቀለም አስቀብቷል። "ጥር ሳይገባ ትገባለህ አባዬ፤ ጨርሰናል።" ማን ነው የጨረሰው? እኔ መቼ ጀመርኩ?

ጥቅምት 5
ዕድሜዬን ሙሉ አውቶቡስ ተራ ትኬት ስቆርጥ ኖርኩ። ስንቱን ሸኘሁ... እኔስ የት ሄድኩ? እስከ መስኮቷ። ባለቤቴ "ጡረታ ስትወጣ አንድ ቀን ለራሳችን ትቆርጣለህ" ትል ነበር። ጡረታው ደረሰ። እሷ ቀደመችኝ።

ዛሬ ሹፌሩ ወዳጄ ስልኬ ላይ አንድ ገጽ ከፈተልኝ። መንገደኛን በነጻ የሚያሳድሩ ሰዎች አሉ ለካ። ማንነትህን ጽፈህ ትልካለህ፤ ከወደዱህ ና ይሉሃል። ሆቴል አቅሜ አይደለም፤ ይኼ ግን... "ቀላል ሰው ነኝ ብለህ ጻፍ፤ እንዲህ ያለውን ይወዳሉ" አለኝ።

ጥቅምት 6
የላክሁት ይኸው፦ "ቀላል ሰው ነኝ። ጥቂት ይበቃኛል። መሬትም ላይ እተኛለሁ። የተገኘውን እበላለሁ። መኖሬ አይታወቃችሁም።"

ጥቅምት 13
ዝም።

ጥቅምት 15
ታላቅ እህቴ መጣች። የጻፍኩትን አነበብኩላት። መነጽሯን አወለቀች።

"ሰው ራሱን ቀላል ነኝ ብሎ ይጽፋል? ነገ ደግሞ ወራዳ ነኝ በላቸው።"

ቀላል ማለት የማያስቸግር ማለት ነው ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። እሷ እንደምታውቀው ቀላል ሰው ማለት ነፋስ የሚወስደው ነው። ደግሞስ መቼ ነው የማላስቸግረው? ሻይ ከቀዘቀዘብኝ ፊቴ ደመና ይለብሳል አለች። ሳቅሁ። ስትሄድ ግን ሳቁም አብሯት ሄደ።

ጥቅምት 16
ልጄ ሰማ። እህቴ ሆድ የላትም፤ ነገር አያድርባትም። የሰው ቤት ማደር ካማረህ የኔስ ቤት ምን አለው? አለኝ። አባቱን አባረረ ሊባል ነው። ሰው ምን ይላል... ከፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። ፍቅርም አንዳንዴ በር ይቆልፋል።

ክፍሏን አይቻታለሁ። አልጋ፣ አንድ ትራስ፣ ወደ ግድግዳ የሚያይ መስኮት። እዚያ ምን ልሆን ነው? ያው መኖሬ የማይታወቅ።

ጥቅምት 17
ጸሎት ላይ ቆሜ ያቺ ቃል መጣችብኝ። መኖሬ አይታወቃችሁም። ፈጣሪ ሰው አድርጎ ፈጠረኝ፤ እኔ ጥላ ነኝ ብዬ ቀረብኩ? መሬትም ላይ እተኛለሁ አልኩ ደግሞ። ወገቤ ይታዘበኛል።

አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩ፦

"ከባድ ሰው ነኝ። አንኮራፋለሁ። ጎህ ሲቀድ ድምፅ አውጥቼ እጸልያለሁ፤ ዝቅ ማድረግ እችላለሁ፣ መተው ግን አልችልም። ሻይ ሲቀዘቅዝብኝ ይከፋኛል። ሁለት ትራስ እፈልጋለሁ፤ አንዱ ለራሴ፣ አንዱ ሟች ባለቤቴ ትተኛበት በነበረው በኩል። ገንዘብ የለኝም፣ ጨዋታ አለኝ። እንቢ ብትሉኝ አልቀየምም። እሺ ካላችሁ ግን መኖሬ ይታወቃችኋል።"

ሹፌሩ አየው። "እንዲህ ተብሎ ማደሪያ ይለመናል?"

አልለመንኩም። ራሴን አስተዋወቅሁ። ላክሁት።

ጥቅምት 24
መልስ መጣ። አንድ የሩቅ ከተማ ፀጉር አስተካካይ ነው። እንዲህ ይላል፦ "ቀላል ነኝ የሚል ብዙ ሰው ጽፎልናል። ባለቤቴ የእርስዎን ስታነብ 'ይኼኛው እንኳ ሰው ነው' አለች። እኔም አንኮራፋለሁ፤ ማን እንደሚያሸንፍ እናያለን። ይምጡ።"

ደጋግሜ አነበብኩት። ተመስገን።

ጥቅምት 26
የጻፍኩትንም መልሱንም ለልጄ አነበብኩለት። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ አኮረፈ። በኛ ቤት የማያንኮራፋው ያኮርፋል።

"ስመለስ ልግባ አልግባ እኔ ነኝ የምነግርህ። ቆርጫለሁ" አልኩት።

"ትኬቱን?"

"እሱንም።"

ጥቅምት 29
ከፀጉር አስተካካዩ ቤት።

ልጄ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሻንጣዬን ይዞልኝ መጣ። ልሳፈር ስል ወደ ጫማው እያየ፣ "ክፍሏ ውስጥ ሁለተኛ ትራስ ጨምሬያለሁ... የመጣህ እንደሆነ ነው" አለ። የመጣህ እንደሆነ። ይህን ቃል ስጠብቅ ነበር ለካ። ግንባሩን ሳምኩት።

እዚህም አልጋው ላይ ሁለት ትራስ ተደርጓል። ማንም ምንም አልጠየቀኝም። የቤቱ እመቤት ሻይ አመጣችልኝ። ለብ ብሏል። እንግዳ ነኝና ዝም ልበል? ኧረ ለምን... "እህቴ፣ ይሙቅልኝ" አልኳት። "ጽፈውልን የለ እንዴ" ብላ እየሳቀች ይዛው ተመለሰች።

ታላቅ እህቴ ደወለች። "ደረስክ ወይ፣ ቀላሉ?"

"ደረስኩ" አልኳት። "ከነክብደቴ።"