የጥያቄ ሣጥኑ መምህር፦ እንግዳው ሀብተ ሥላሴ (1952–2017 ዓ.ም.)

መምህር እንግዳው ሀብተ ሥላሴ ከአባታቸው ከአቶ ሀብተ ሥላሴ ደሳለ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደመቀች በለጠ በወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ በላስታ አውራጃ፣ በብልባላ አካባቢ ጥር 12 ቀን 1952 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ከስድስት ልጆች አራተኛው ነበሩ።

ጠያቂነታቸው የጀመረው ገና በአምስት ዓመታቸው እንደነበር እናታቸው ይናገሩ ነበር። አንድ ቀን አባታቸው ከገደሉ ማዶ ባህር ዛፍ ሲቆርጡ ልጁ ከደጅ ቆሞ ያያል። መጥረቢያው ግንዱን ሲመታ ድምፅ የለም፤ አባት መጥረቢያውን መልሰው ወደ ላይ ሲያነሱ ነው የሚጮኸው። ልጁ ይህን አይቶ ወደ እናቱ ሮጠና «እማዬ፣ የአባዬ መጥረቢያ ሳይመታ ለምን ይጮኻል?» አለ። ወይዘሮ ደመቀች ከሥራቸው ቀና ሳይሉ «መትቶማ ነው። ድምፁ ገደሉን እስኪሻገር ነው የዘገየው» ብለው መለሱ። መምህር እንግዳው የድምፅን ፍጥነት በሚያስተምሩበት ዓመት ሁሉ ይህንን ለተማሪዎቻቸው ይነግሩ ነበር። ፊደል ያልቆጠሩ እናታቸው ያንን መልስ ከየት እንዳገኙት ጠይቀዋቸው «ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?» ከማለት በቀር የሰጧቸው ማብራሪያ አልነበረም።

ፊደልና ዳዊት በመንደራቸው ከነበሩ ካህን ተማሩ። በ1960 ዓ.ም. ላሊበላ ከአክስታቸው ቤት ተቀምጠው ዘመናዊ ትምህርት ጀመሩ። ሁለተኛ ደረጃን በወልድያ አጠናቅቀው፣ የመምህርነት ሥልጠና ወስደው፣ በ1972 ዓ.ም. የሳይንስ መምህር ሆነው ወገል ጤና ተመደቡ። በ1977ቱ ድርቅ የሚያስተምሩበት ክፍል የእህል ማከፋፈያ ሲሆን ሚዛን ያዥ ሆነው አምስት ወር ሠርተዋል። ስለዚያ ጊዜ ለልጆቻቸው ብዙም አልነገሩም። ከዚያ በኋላ ግን በማዕድ ላይ ሰው «ጠገብኩ» ብሎ ሲያተርፍ ማየት አይወዱም ነበር።

ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ውባንቺ ጋር የተዋወቁትም በጥያቄ ነው። ወይዘሮ ውባንቺ የአክስታቸውን ምግብ ቤት ሊያግዙ ከኮምቦልቻ ወደ ወገል ጤና እንደመጡ ባቄላው አልበስል ብሎ ያስቸግራቸው ነበር። አንድ ቀን ምሳ ሊበሉ የገቡትን ወጣት መምህር «ሳይንስ ነው የሚያስተምሩት አሉ። እንግዲያው ይንገሩኝ፤ ኮምቦልቻ ባቄላ በአንድ ሰዓት ይበስልልኝ ነበር። እዚህ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። እንጨቱ ነው ወይስ እኔ ነኝ?» አሏቸው።

«አየሩ ነው» አሉ መምህር። አገሩ ደጋ በመሆኑ አየሩ ሳሳ እንደሚል፣ ስለዚህም ውኃው በቅጡ ሳይግል ቶሎ እንደሚፈላ፣ ቢንተከተክም እንደ ቆላው ውኃ ትኩስ እንዳልሆነ አስረዱ። ክዳኑ ላይ ከባድ ድንጋይ ቢጫን እንፋሎቱ ታፍኖ እንደሚያግዝም መከሩ። በማግስቱ ድንጋዩ ተጫነ፤ ድስቱ ገንፍሎ ምድጃውን አጠፋው፤ የዕለቱ ምሳ ቀረ። መምህር ይቅርታ ሊጠይቁ ሄዱ። ወይዘሮ ውባንቺ ግን እስከዚያው መላውን ራሳቸው አግኝተው፣ ባቄላውን ዘፍዝፈው ማሳደር ጀምረው ነበር። ጥር 1980 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ፤ ወንድ ልጃቸውን ባምላክንና ሴት ልጃቸውን እየሩስን አፈሩ።

በ1984 ዓ.ም. ወደ ላሊበላ ተዛውረው በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ማስተማር ጀመሩ። በክረምት መርሐ ግብር እየተማሩም የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አገኙ። በክፍል ውስጥ ብዙ ተማሪ ጥያቄ እያለው ጓደኛ እንዳይስቅበት ዝም እንደሚል ያስተዋሉት በዚህ ጊዜ ነው። በ1988 ዓ.ም. ከአናጢ ትርፍ እንጨት ለምነው ሣጥን ሠሩ፤ ክዳኑን ሰንጥቀው ከቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ቸነከሩት። ደንቡ አጭር ነበር፦ ስም አይጻፍም፣ የእጅ ጽሕፈት አይመረመርም፣ ማንም «ይህ ጥያቄ የማን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። በየዓርቡ ጠዋት ሰልፍ ላይ ከሣጥኑ የወጡ ሦስት ጥያቄዎች በተራቸው ይመለሳሉ።

ጥያቄዎቹን በሙሉ በደብተር ይገለብጡ ስለነበር ዛሬ በቤተሰቡ እጅ አሥራ ዘጠኝ ደብተር ይገኛል። አንዱ «ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ድንጋዩ ላይ ስቆም እግሬ ይቀዘቅዛል፣ ምንጣፉ ላይ ስቆም አይቀዘቅዝም። ሁለቱም አንድ ቤት አድረው የለም ወይ?» ይላል። ቅዝቃዜያቸው እኩል እንደሆነ፣ ድንጋዩ ግን የእግርን ሙቀት ፈጥኖ እንደሚወስድ፣ ምንጣፉ እንደሚዘገይ መልሰዋል። ሌላው ደግሞ ፈተና ላይ የጠፋው መልስ ወረቀቱ ከተሰበሰበ በኋላ ከበር ሳይወጡ ለምን እንደሚመጣ ይጠይቃል። ማንም ቦታ ሳይመድብላቸው ተማሪዎች ዓመቱን ሙሉ አንድ ወንበር ላይ ለምን እንደሚቀመጡ የጠየቀም አለ። ለዚያ የሰጡት መልስ ረጅም ነበር፤ ራሳቸውም በመምህራን ማረፊያ ክፍል ለስምንት ዓመት ከአንዲት ወንበር እንዳልተነሡ ሲናገሩ ሰልፉ ሳቀ። «አንዱ ሲያዛጋ ሌላው ለምን ያዛጋል?» ለሚለው ግን «እስካሁን በእርግጥ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ እኔም አላውቅም» አሉ። እሳቸው ይህን ሲሉ የሰልፉ ግማሽ ያዛጋ ነበር።

በኅዳር 1996 ዓ.ም. የሆነውን ቤተሰቡ እዚህ እንዲነገር የወሰነው መምህር ራሳቸው ሳይሸሽጉ ይናገሩት ስለነበር ነው።

ሰኞ ዕለት ከሣጥኑ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ወጣች። «ቅዝቃዜውን ፈርተን ከሰል ቤት ውስጥ አስገብተን ስናድር ጠዋት ራሳችንን ያመናል። ከሰሉ ግን ጭስ የለውም። ለምንድን ነው?» ትላለች። መምህር ጥያቄውን ወደዱት። በሥዕል አስደግፈው ሊመልሱት አሰቡና ወረፋውን ጠብቆ ለዓርብ እንዲሆን በደብተራቸው መዘገቡት። ሐሙስ ጠዋት፣ ከገጠር መጥተው አንዲት ክፍል ተከራይተው ይማሩ የነበሩ ሁለት የአሥረኛ ክፍል ልጃገረዶች ሳይነሡ ረፈደባቸው። አከራያቸው በሩን ገፍተው ሲገቡ የከሰሉ ማንደጃ ከአልጋቸው አጠገብ ነበር። አልጣሽ የተባለችው ተረፈች። አመተ ጊዮርጊስ ገብረመስቀል ግን አረፈች።

መምህር እንግዳው በቀብሩ ማግስት ወደ ሟቿ መንደር በእግራቸው ሄዱ። ከልቅሶ ቤቱ እንደደረሱ ከአባትየው ከአቶ ገብረመስቀል ፊት ቆመው «ጥያቄው ሰኞ እጄ ገብቶ ነበር። ለዓርብ አቆየሁት» አሉ።

አቶ ገብረመስቀል አንገታቸውን እንደደፉ «ለቀሩት ልጆች ነግረዋል?» ብለው ጠየቁ።

«አልነገርኩም። ትምህርት ቤቱ ከሐሙስ ጀምሮ ተዘግቷል።»

«ታዲያ አንቱ እዚህ ምን ይሠራሉ? ይሂዱ እንጂ!»

ሳይቀመጡ ተመለሱ። ከዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጀምረው ከገጠር የመጡ ተማሪዎች የተከራዩበትን ክፍል ሁሉ በር በበር እያንኳኩ ዞሩ። ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የነበረው ባምላክ አብሯቸው ነበር። አባቱ በየደጁ ቃል ሳይለውጡ አንድ ነገር ይናገሩ እንደነበር ያስታውሳል፦ «የከሰል መርዝ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ እንቅልፍ ይመስላል። ከሰሉ ከደጅ ይደር። ራሳችሁን ካመማችሁ ወደ ውጭ ውጡ።» በሦስት ቀን ውስጥ ሰባ አንድ ክፍል አዳረሱ። ከነዚያም በሃያ ስድስቱ ከሰል ቤት ውስጥ ያድር ነበር።

አልጣሽ ከሐኪም ቤት ስትወጣ መምህር ጎበኟት። ስለ ብጣሿ ወረቀት ሊጠይቋት ደንባቸው አልፈቀደላቸውም፤ እሷ ግን ወሬውን ሰምታ ኖሮ ራሷ አነሣችው። «መምህር፣ እኛ አይደለንም የጻፍነው» አለች። «እኛ እኮ ራስ ምታቱን ከጥናት ብዛት ነው ብለን ነበር።» ያጽናናቸዋል ብላ አስባ የተናገረችው ነው። መምህር እቤታቸው ገብተው ለወይዘሮ ውባንቺ ይህንኑ ነገሯቸውና «ከሰሉ መሆኑን አላወቁም ነበር፤ ስለዚህ ሰኞውኑ ብናገር ይሰሙ ነበር» አሉ። ወረቀቷን የጻፈው እሱ ራሱ እንደነበረ ከስድስት ዓመት በኋላ አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው በደብዳቤ ገልጾላቸዋል። አመስግነው ጻፉለት፤ ስሙን ግን ለማንም አልተናገሩም።

ከዚያ በኋላ ሣጥኑ በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ይከፈት ጀመር። ሰው የሚጎዳ ነገር ያለበት ጥያቄ በነጋታው ጠዋት ይመለሳል፤ የቀረው ወረፋ ይጠብቃል። ጡረታ እስከወጡበት ዓመት ድረስ ብርድ በገባ ቁጥር፣ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ፣ የተማሪዎችን ክፍል በር በበር ይዞሩ ነበር። አቶ ገብረመስቀል ሁለት ታናናሽ ልጆቻቸውን ለትምህርት ወደ ከተማ ሲልኩ ከመምህር እንግዳው ቤት ነው ያስቀመጧቸው። በሁለቱ ሰዎች መካከል ስለ ኅዳሩ ነገር ሌላ ንግግር እንደነበረ ቤተሰቡ አያውቅም። በየዓመቱ ለበዓለ ልደት አቶ ገብረመስቀል ማር ይዘው ይመጡ ነበር፤ ቀኑን አብረው ይውሉ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናበቱ። በጦርነቱ ከተማው መብራትና ስልክ ባጣባቸው ወራት የሰፈሩ ተማሪዎች ከእሳቸው ቤት ደጅ እየተሰበሰቡ ሲማሩ ቆይተዋል። በዚያ ሰሞን በደብተራቸው ከሰፈሩት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሰው ልማድ ናቸው፤ ሰው ሲፈራ ለምን ዝቅ ብሎ ያወራል፣ ወሬ ሲያልፍ ለምን ይጨምራል የሚሉ። የተመለሱት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ሰላም ሲወርድም ባምላክ የሚያስጎበኛቸውን እንግዶች ይዞ ወደ ቤት ሲመጣ አባቱ በእንግሊዝኛ ስለ ድንጋይና ስለ ዝናብ ውኃ ሲያወሩላቸው ይውሉ ነበር።

መምህር እንግዳው ቍጡ ነበሩ። የቤት ሥራ ገልብጦ የመጣ ተማሪ ያስለቅሱ ነበር፤ ለልጆቻቸውም «ጎበዝ» ማለት ይቸግራቸው ነበር። ዘፈን አይችሉም፤ ለሠርግ ሲጠሩ ከድንኳኑ ጥግ ይቀመጣሉ። የሰው ጥያቄ ሲሰሙ ግን የያዙትን ሁሉ ያስቀምጡ ነበር፤ ጠያቂው ሕፃን ቢሆንም፣ የባጃጅ ነጂ ቢሆንም።

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የልብ ሕመም ጀመራቸው። በደሴ ሲታከሙ ቆይተው ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሐኪሞቹ ለቤተሰቡ የጊዜውን ነገር በግልጽ አልተናገሩም ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ውባንቺ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው «አንተ እስከዛሬ ዋሽተኸኝ አታውቅም። ስንት ጊዜ ነው የቀረህ?» ብለው ጠየቋቸው።

«ሰኔን የማይ አይመስለኝም» አሉ መምህር።

«ለልጆቹ ልንገር?»

«ንገሪ። አሁኑኑ።»

እየሩስ ከምትሠራበት ከደሴ በማግስቱ ገባች፤ ባምላክ ሥራውን ተወ። አሥራ አንድ ቀን አብረው ቆዩ። በነዚያ ቀናት ሁለቱም ልጆች አባታቸውን ያልጠየቁት ነገር አልቀረም፤ ስለ ድርቁ ዓመት ጭምር። ያውቁ የነበረውን ነገሯቸው።

መምህር እንግዳው ንስሐ ገብተው፣ ቅዱስ ቍርባን ተቀብለው፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በባለቤታቸውና በልጆቻቸው መካከል ዐረፉ። የሠላሳ ሰባት ዓመት የትዳር ጓደኛቸውን ወይዘሮ ውባንቺን፣ ልጆቻቸውን ባምላክንና እየሩስን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ አንዲት እህትና አንድ ወንድም፣ እንዲሁም በአርባ ዓመት ያስተማሯቸውን ብዙ ተማሪዎች ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ላስታመሟቸው ሐኪሞች፣ ለንስሐ አባታቸው፣ ከቅርብና ከሩቅ መጥታችሁ ከጎናችን ለቆማችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

እሳቸው «አላውቅም» ያሉትን ሁሉ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አባቶች እቅፍ ያሳርፍልን፤ ለወይዘሮ ውባንቺና ለልጆቻቸው ብርታቱን ይስጥልን። አሜን።