ፀጉር ቤት ስትገባ አይቼሃለሁ

ወገኔ፣

ለእህቴ ተዝካር ጥሊሊ ሄጃለሁ። ማክሰኞ እመለሳለሁ።

አዲስ ምላጭ መስኮቱ ላይ አለ። ጢምህን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ራስህ ላጨው። ቆዳህ እንዳይደርቅ ቅቤ ይበቃል፤ የሱቁ ቅባት ሽታ ብቻ ነው።

ትናንት ፀጉር ቤት ስትገባ አይቼሃለሁ። ስንት ዘመን ቅዳሜ ቅዳሜ አንተ እኔን፣ እኔ አንተን በነፃ ስንላጭ ኖረን!

እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ ብለህ እንደሆነ፣ እጄ ደህና ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ስላጭህ አከራያችን ሸጋ በበሩ አለፈች። «አያ ወገኔ፣ ዛሬስ ሙሽራ መስለህ የለም እንዴ!» አለችህ። እኔን ዞር ብላም አላየችኝ። አንተም ሳቅህ።

ጆሮህን የቆረጥኩት ያኔ ነው፤ አውቄ።

ቁስሉ ካልደረቀ በጨው ውሃ እጠበው። ሸጋ እንድታይልህ ግን አትጥራት።

ምህረቴ