ዓለምእሸት የት ትውለድ?

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለሔሩይ ገብረሕይወት፣
ሎግያ

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? የሎግያ ሙቀትስ እንዴት አድርጎሃል? ወገብህ ተሻለህ ወይ? ባለፈው የከባድ መኪና ጎማ ብቻህን ስታነሳ ያመመህን ወገብ ማለቴ ነው። እህቴ ዓለምእሸትስ እንዴት ናት? የእግሯ እብጠት ቀነሰላት? ምግብ ይስማማት ጀመር ወይስ አሁንም ሎሚ ብቻ ነው? እኛን ብትል ደህና ነን። እናታችን ጉልበቴን፣ ጉልበቴን እያለች ከሁላችን ቀድማ ቤተ ክርስቲያን ትደርሳለች። እኔም ተማሪዎቼ ላይ እየጮህኩ፣ እነሱም እየሳቁብኝ አለን። ቤቱ በሰው ሙሉ ነው፤ እንዲህ ስልህ ግን ናፍቆቴ የቀለለ እንዳይመስልህ። ማዕድ ሲቀርብ አሁንም የአንተን ቦታ እንተዋለን።

በስልክ የማይጨረስ ነገር ስላለኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። ባለፈው እሑድ ኔትወርኩ ሲቆረጥ አንተ እኔ የዘጋሁብህ መስሎህ፣ እኔም አንተ የዘጋህብኝ መስሎኝ ሁለታችንም አኩርፈን ዋልን። ደብዳቤ አይቆረጥም። ሾፌሩ ኣባዲ ወደ እናንተ ስለሚወርድ ከሽሮውና ከበርበሬው ጋር በእጁ ልኬዋለሁ። በትግርኛ ያልጻፍኩትም ዓለምእሸት ራሷ እንድታነብበው ብዬ ነው፤ አንተ እንደ ልማድህ "ሰላም ብላሻለች" ብለህ ሁለት ገጹን በሁለት ቃል ትጨርስባታለህ። ዓለምእሸት፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ከእጁ ቀምተሽ አንብቢው።

ነገሩን እንደገባኝ ልድገመው፤ ከተሳሳትኩ ታርመኛለህ። በሰው ቤት ጎሚስታ መሆን በቃኝ፣ የራሴን ልክፈት ብለሃል። እሰየው። ሁለት ቦታም ቀርቦልሃል። አንዱ በእናንተ በኩል ባለው ድንበር ላይ፣ ኬላው አጠገብ የበቀለው አዲሱ ከተማ ነው። ከባድ መኪናው ሲተም ይውላል፣ ጎሚስታ ግን አንድም የለም። ሌላው ሞያሌ ነው፤ እዚያ ደግሞ ጎሚስታው ሞልቷል፣ ከእኛ አገር የሄዱም አሉበት። አንተ ማንም የሌለበትን መርጠህ፣ ለቦታው ባለቤት በታኅሣሥ ገብርኤል መልስ ልትሰጥ ነው። ዓለምእሸት የካቲት ላይ ትወልዳለች። እንግዲህ አንተ የጎማ መጠገኛ ቦታ የመረጥክ ይመስልሃል እንጂ፣ እየመረጥክ ያለኸው ልጅህ የሚወለድበትን ከተማ ነው። እንቅልፍ የነሳኝም ይኸው ነው።

ለእናታችን ስነግራት ሳቀች። "የአባቱ ልጅ" አለች። አባታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንተ ገና ድክ ድክ ስትል በኲሓ መውጫ ላይ ብቻውን ጎሚስታ ከፍቶ እንደነበር ሰምተሃል? ሐሳቡ ቁርጥ የአንተ ነበር። ተፎካካሪ የለም፣ ጎማው የፈነዳበት ሁሉ የእኔ ነው ብሎ። ሾፌሮቹ ያውቁታል፣ ይወዱታልም፤ ግን ክላክስ እየነፉለት ያልፉ ነበር። ጎማቸው እየተነፈሰ፣ እየተንቀረፈፉ፣ ጎሚስታዎች ተደርድረው ወደሚሠሩበት ይገባሉ። አንዱን አቁሞ ቢጠይቀው፣ "ኮምፕረሰርህ ቢበላሽብህ እኔ የት ላድር ነው?" አለው። አባታችን ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ተደረደሩት ጎሚስታዎች ሄደ። ክሪክ ሲጎድለው ከግራው፣ ሙጫ ሲያልቅበት ከቀኙ እየተበደረ ሠራ። እኔን ያስተማረኝም አንተን ያሳደገህም ከዚያ በኋላ ያገኘው ነው። እናታችን እስከ ዛሬ የሚያስቃት የክላክሱ ነገር ነው፤ ሰላምታው ብዙ፣ ሥራው ባዶ።

አሁን ስለ ኣሪያም ልንገርህ። ስትደውል ከኋላዬ ሆና "ከመይ ኣሎኻ ሔሩይ" እያለች ሰላምታዋን የምትጮህብህ፣ ሰርቪስ ቤታችንን የተከራየችው ጠጉር ሠሪ ኤርትራዊት ናት። ድምፅዋን ታውቃለህ፤ እዚህ እንዴት እንደቀረች ግን ነግሬህ አላውቅም። የአገሯ ድንበር በተከፈተ ሰሞን ተሻግራ መጀመሪያ ያረፈችው እዚያው ድንበሩ ሥር ባለች ትንሽ ከተማ ነበር። ከደጇ ሆና የአገሯን ተራራ ታያለች። ለእናቴ ቅርብ ነኝ ብላ ቤት ተከራየች፣ መስተዋቷን ሰቀለች። ሰዉ ክፉ አልነበረም ትላለች። ግን ሁሉም መንገደኛ ነው፤ ዛሬ የተዋወቀቻት ነገ አዲስ አበባ ናት፣ ከዚያ ወዲያ ሱዳን። ያገሩ ሰውም ሁሉ ሲያልፍ ስለለመደ፣ ስሟን እንኳ ሳይጠይቅ "መቼ ነው የምትሄጂው?" ይላታል። ባሏ ሥራ ፍለጋ ርቆ ሄዶ ነበር። ሆዷ ሲገፋ ፈራች። የአገሯን ተራራ ጥላ፣ ማንንም ወደማታውቅበት ወደ መቐለ መጣች።

የወለደች ለታ የሆነውን ሳስበው አሁንም ያስቀኛል። እናታችን ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ግዓት ሠርታ፣ ዓለምእሸት ገንፎ የምትይውን ማለቴ ነው፣ መሐሉን ጎድጉዳ ቅቤና በርበሬውን ሞልታ፣ ዙሪያውን ርጎ አፍስሳ ይዛ ገባች። ገና ሳታስቀምጠው፣ ኣሪያም በቤተ ክርስቲያን የተዋወቀቻቸው የአገሯ ሴቶች የራሳቸውን ግዓት ይዘው እልል እያሉ ከች አሉ። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው፤ አራሷን የመጀመሪያውን ጉርሻ የምታጎርሳትም እናት ናት። የኣሪያም እናት ደግሞ ከድንበሩ ወዲያ ናቸው። ታዲያ እናቷ ማን ይሁን? እነዚያ በአገር ልጅነት እኛ ነን አሉ። እናታችን ማንኪያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች፤

«በዚህ ግቢ የወለደች የእኔ ልጅ ናት» አለች።

ቀጥሎ ደግሞ ሁሉንም ይሉኝታ ያዛቸው። እነዚያ "እንግዲያውስ የእናንተ ይቅደም" አሉ። የእኛዎቹ "በሞቴ፣ እናንተ እንግዶች ናችሁ፣ የእናንተ ይቅደም" አሉ። አንዷ ስትገፋ ሌላዋ ስትመልስ፣ ማንም ማንኪያውን ሳይነካ ቆዩ። ግዓት እንደሆነ አይጠብቅም። ቅቤው ረጋ፣ ግዓቱም ደረቀ፣ ኣሪያም ከአልጋዋ ላይ ሆና ሁለቱን ሳህን በየተራ ታያለች። በመጨረሻ "እኔ እኮ ርቦኛል" ብላ ማልቀስ ጀመረች። ለቅሶው መሐል ላይ ሳቅ ሆነ፣ ሁሉም ሳቁ። እንደገና ውኃ ተጣደ፤ ከአገሯ ልጆች አንዷ አማሰለች፣ ጎረቤታችን ቅቤውን አቀለጠች፣ እናታችን አጎረሰቻት።

ኣሪያም ከዚያ በኋላ እህቷ ጋ ስትደውል አጠገቧ ነበርኩ። ስለ ገበያው አልነገረቻትም፣ ስለ ቤት ኪራዩም አልነገረቻትም። የነገረቻት ግዓቱ ቀዝቅዞ እንደገና እንደተሠራ ነው። እህቷ መጣች፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ ስፌት ገባች። ከእህቷ ኋላ ጎረቤታቸው፣ ከጎረቤታቸው ኋላ የጎረቤታቸው አማት መጡ። ያ ክፉ ጊዜ መጥቶ ስልኩም መብራቱም ሲጠፋ እነሱም እኛም ከአንድ ድስት በላን። ዛሬ ከቤታችን እስከ ወፍጮ ቤቱ ያለችው መንገድ ላይ አምስት ቤት የእነሱ ነው፤ የማርያም ማኅበራቸው ላይ እናታችን አባል ናት፣ ያውም ተቆጪዋ። ያቺ የድንበር ከተማ ግን አሁንም ሰው ያልፍባታል አሉ። ሁለቱ ከተሞች ላይ አንድ ዓይነት ሰው ነው የመጣው፤ አንዱ ላይ አለፈ፣ አንዱ ላይ ተቀመጠ።

ባለቤቴ ኣፅብሃ ይህን ሲሰማ እንዳላጋንን ተቆጥቶኛል። ሰው በግዓት ብቻ አይኖርም፣ ቀበሌው መታወቂያ ባይሰጣት፣ ትምህርት ቤቱ ልጇን ባይቀበል ኖሮ ኣሪያም ዛሬ እዚህ አትገኝም፣ ይህንንም ጻፊለት አለኝ። ልክ ነው፤ ጻፍኩልህ። ግን ቀበሌ ሄዳ ሦስት ምስክር አምጪ ስትባል የመሰከሩላት እነማን ነበሩ? እነዚያው ግዓቱን ያቀዘቀዙት ሴቶች ናቸው።

አሁን የምነግርህን ስትሰማ ትቆጣለህ፤ ተቆጣ። ከኣሪያም ደንበኞች አንዷ፣ ሮማናት አካባቢ ሱቅ ያላት ሴት፣ እህቷ ሞያሌ ናት። እህቲቱ ሥርጉት ትባላለች። የመቐለ ልጅ ናት፣ ባሏም እንዳንተው ጎሚስታ ነው። ሳላስፈቅድህ ደወልኩላት። አፍሬ፣ ዳር ዳር እያልኩ፣ ወንድሜ ቢመጣ ሥራ እንዳይሻማችሁ ብዬ ነው አልኳት። እሷም፣ ባሌ ባለፈው ታሞ ሲተኛ ሱቁን ከፍተው ያዋሉለት ከጎኑ ያሉት ጎሚስታዎች ናቸው፣ ይምጣ አለች። ስለ አንተ ከዚህ በላይ አልጠየቀችኝም፤ አትከፋ። ስለ ዓለምእሸት ግን ጠየቀች፤

«መቼ ነው የምትመጣው? ግዓትስ በርጎ ነው የምትወደው፣ ያለ ርጎ?»

አላውቅም አልኳት። የወንድሜ ሚስት የምትወደውን አላውቅም ስል አፈርኩ። እሷ ግን፣ እስክትጠይቂልኝ ቅቤውን አንጥሬ ላስቀምጥላት አለች። ነገ ጾም ይገባል፤ እኛ ቅቤ ስንሰናበት ሥርጉት ለማታውቃት ሴት እያነጠረች ነው።

ወንድሜ፣ የሚወስነው ያው አንተና ዓለምእሸት ናችሁ። ኬላው ከተማ ብትሄዱም አልጣላህም። ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ፣ ዱቄቴንና ማማሰያዬን ይዤ እመጣለሁ። ግን እኔ አንድ ሴት ነኝ። አጉርሼያት፣ አጥቤያት፣ ሁለት ሳምንት ቆይቼ እመለሳለሁ፤ ከተማ ልሆንላችሁ አልችልም። ከተመለስኩ በኋላ ልጁ ሲያተኩሰው የማንን በር ታንኳኳለች? ይህን ብቻ ተነጋገሩበት። መልሱን ደግሞ አንቺ ጻፊልኝ፣ ዓለምእሸት፤ በርጎ ነው፣ ያለ ርጎ?

እናታችን እታገኝ ግንባራችሁን ስማለች፤ ለዓለምእሸት በሽሮው መሐል የቋጠረችውን ሔሩይ እንዳያይብሽ ብላለች። ኣፅብሃ ከነተግሣጹ ሰላም ብሏችኋል። ልጄ ሰላማዊ፣ አጎቴ ጎማ ይዞልኝ ይምጣ፣ ዥዋዥዌ እሠራበታለሁ ትላለች። ኣሪያም ለአንተ "ኣጆኻ"፣ ለዓለምእሸት ደግሞ "ኣጆኺ"፣ አይዞሽ ማለቷ ነው፣ ብላ ስትወልጂ ይሉኝታ ያላቸውን ሴቶች ከቤት አስወጪ ብላሻለች። ሎግያ አብረውህ የሚሠሩትን ሁሉ ሰላም በልልኝ። ስሙን ገና ለማላውቀው ለቤታችሁ ሦስተኛ ሰውም ሰላምታዬ ይድረስ። ጆሮው ከተከፈተ፣ "መቼ ነው የምትመጣው?" እያለች የምትጠብቅህ ሴት ሞያሌ አለች በሉልኝ።

እህትህ ዕፀገነት ገብረሕይወት

ሓወልቲ፣ መቐለ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.