የጋሽ ሂርጳ ዝግባ

ኅዳር 8 ቀን 1974
ዛሬም ባህር ዛፍ። ዘሩን ከአሸዋ ጋር ቀላቅዬ በተንኩ፣ ውሃ አጠጣሁ፣ ወገቤ ተቆረጠ። ችግኝ ጣቢያችን ከዓመት ዓመት የሚያፈላው ይህንኑ ነው። የአገሩን ዛፍ፣ ወይራውን፣ ዝግባውን ሳነሳ የሥራ ባልደረባዬ ዙሌካ ትስቃለች። "አንቺ ደግሞ፣ ዘሩን ከየት ልታመጪው ነው?" ከየት?

ኅዳር 19
ተገኘ። ላፍቶ፣ ከጋሽ ሂርጳ ማሳ ዳር፣ አንድ ዝግባ። በዚህ በኩል የቀረው እሱ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ጣውላ ሆኖ አልቋል። ፍሬው ገና አረንጓዴ... ቢጫ እስኪሆን ሁለት ወር ግድ ይላል።
ጋሽ ሂርጳ "አይደርስልሽም ልጄ" አሉኝ። የገበሬ ማኅበሩ ለአዳራሽ ሊቆርጠው ወስኗል።
"የእርስዎ አይደለም እንዴ?"
ቀና ብለው ዛፉን አዩት። እኔስ ምን ነካኝ? መሬቱ ከተወረሰ ስንት ዓመቱ።

ኅዳር 22
የማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ቦጋለ ዘንድ ሄድኩ። ትንሽ ጊዜ ስጡኝ፣ ዘሩን ብቻ ልልቀም ብዬ ለመንኩት። ሳይቆጣ ሰማኝ። "ችግርሽ ገብቶኛል። ዘሩን ታገኛለሽ።" ሰው በሐሜት ይጎዳል እንጂ ደግ ነው።

ታኅሣሥ 11
ጠዋት ጓድ ቦጋለ ሰው ላከብኝ፤ ነይ ዘርሽን ልቀሚ ብሎ። ስደርስ ዛፉ ተጋድሟል።
"ይኼን ሁሉ ከፍታ ወጥተሽ እንዳትሰበሪ ብለን ቶሎ ጣልነው" አለኝ ጓድ ቦጋለ፣ ደስ ብሎት። ፍሬውን እንኳ በጆንያ አስለቅሞልኛል።
አንዱን በድንጋይ ፈለጥኩት። ውስጡ ውሃ ብቻ።
"እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ። አመሰገንኩት... ሌላ ምን ይባላል? ጋሽ ሂርጳ ጉቶው አጠገብ ቆመዋል።

ታኅሣሥ 12
እንደማይበቅል እያወቅኩ ዘራሁት። "ጥሬ ነበር ካልሽ ሊቀመንበሩን መክሰስሽ ነው" አለች ዙሌካ። "አልበቀለም ካልሽ ደግሞ አሻጥር ይሉሻል።" ታዲያ ምን ልበል?

መጋቢት 3
መደቡ ባዶ ነው። ማጠጣቱን አልተውኩም፣ ሰው ያያል።

ሰኔ 27
ስብሰባ፣ በአዲሱ አዳራሽ። ጓድ ቦጋለ ከመድረክ ስሜን ጠራ። "የዝግባው ዘርስ?" ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ተነሳሁ።
"በቅሏል።"
ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።
ስወጣ ጋሽ ሂርጳ በር ላይ ይጠብቁኛል። ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። "እኔስ ጥሬ ነው ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። አንዲት ችግኝ አትነፍጊኝም መቼም፣ ልጄ? እዚያው ጉቶው ጎን ልተክላት።"
"እሺ" አልኩ።
ነገ ጠዋት ጉድጓዱን ሊቆፍሩ ነው።