አሠሪሽ ስልኩን ስታነሳ

እህቴ ሸሪፋ፣ አሰላሙ አለይኩም። እማ «ኢንታለ ኮ፣ ልጄ፣ ፊትሽን ኑር፣ ኋላሽን ከለላ ያድርግልሽ» ትልሻለች። የምጽፈው እኔ ሙጂብ ነኝ። ደብዳቤውን ወደ ዱባይ በምትመለሰው በጎረቤታችን በሳጂዳ ልኬዋለሁ።

የአባን መርዶ ከሰማሽ ወዲህ ድምፅሽ ጠፋብን። በደወልን ቁጥር አሠሪሽ ታነሳና በእንግሊዝኛ ተናግራ ትዘጋዋለች። የጨፋው ማሳችን ማሽላ ደርሷል፤ ዘንድሮ አጫጁ እኔ ብቻ ነኝ።

እማ ዒዳ ላይ፣ የባሏን ሐዘን ወራት እየጠበቀች፣ ስለሆነች ከቤት አትወጣም፤ የጎልማሶች ትምህርቷም ተቋረጠ። መምህርቷ ነኢማ ግን ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ በጨዋታ የሚማሩባቸውን የሥዕል ካርዶች በእኔ ላከችላት። እማ አንድ ካርድ ታነሳለች፤ ሥዕሉ ላይ ያለውን ሰው፣ እናት ወይም እህት፣ ሆና ትደውላለች፤ እኔ አሠሪሽን ሆኜ እመልሳለሁ። ቶሎ ስዘጋባት «አንተ ደግሞ ከሷም ባስክ!» ትለኛለች። አክስታችን ረቢአ «በሐዘን ቤት ምን ጨዋታ ነው?» ብላ ብትቆጣ፣ እማ «ልጄን እየጠራሁ ነው» አለቻት።

የአባት ሥዕል ያለበትን ካርድ ከመሀል አውጥቼ ደብቄዋለሁ። እማም የት ሄደ ብላ አልጠየቀችኝም።

አሁን «እናቷ ነኝ፤ እባክሽ አገናኚኝ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ሳትሳሳት ትላለች። ጁምዓ ጁምዓ ከሰላት በኋላ እንደውላለን። አሠሪሽ ስልኩን ባትሰጥሽ እንኳ፣ ስታነሳው ከጓዳም ሆነሽ ጮክ ብለሽ «እማ!» በይልን። ለእሷ ያ ይበቃታል።

አላህ ከክፉ ሰው እጅ ይጠብቅሽ፤ ለአገርሽ አፈር በደህና ያብቃሽ።

ወንድምሽ ሙጂብ፣ ከከሚሴ