ከእናትሽ ድስት የተገፈፈው ስብ

ፓንጋይ፣ ሊፉካ ደሴት
ሰኞ፣ ኦገስት 14 ቀን 2017

ለምወድሽ ልጄ ለፊፊታ፣

የኦክላንድ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ካፖርትሽን ሳትቆልፊ እንደማትወጪ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ እበላለሁ፣ እተኛለሁ ማለቴ ነው እንጂ ከቅዳሜ ወዲህ ድንጋጤው አልለቀቀኝም። ሠላሳ አራት ዓመት አብሬያት የኖርኩትን ሴት አላውቃትም ነበር ብልሽ ታምኚኛለሽ?

ወደ ክሊኒኩ አዲስ ነርስ መጥታለች፤ ቫሴቲ ትባላለች። የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ አስፈቅዳ «ያገራችንን ምግብ ስቡን ቀንሰን እንሥራ» እያለች ማስተማር ጀመረች። እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ። ስብከቴ መሃል ሳይቀር «በቅጠል ጠቅልለን የምንጋግረው ሉ ያለ ስብ ምኑ ሉ ነው? የጎደሬ ቅጠል በውሃ መብላትማ አሳማዎቻችንም አላቃታቸው» ብዬ ሰው አስቄአለሁ። ቅዳሜም የሄድኩት ልማር ሳይሆን ልስቅ ነው።

ቫሴቲ ሁለት ሉ አቀረበች። ሁለቱም የበግ ሥጋ ናቸው፤ ሁለቱም በጎደሬ ቅጠል ተጠቅልለው ከጉድጓድ ምድጃ የወጡ።

«አባባ ሴሚሲ፣ የርስዎ አፍ የታወቀ ነው። ቀምሰው ይፍረዱን» አለችኝ።

አንዱን ጎረስኩ። ላንቃዬ ላይ ተለጠፈ። ሁለተኛውን ስቀምስ ግን ተነሥቼ ቆምኩ። «ይሄ ነው ሉ! የሚስቴ የሉሴአኔ እጅ ይሄ ነው! ያኛውን ለበሽተኞችሽ ውሰጂላቸው!» አልኳት።

ማንም አልሳቀም። ቫሴቲ አቀረቀረች። እናትሽ ከኋላ ተነሣች።

«እውነትህን ነው፣ የኔው እጅ ነው» አለች። «ሥጋውን ቀቅዬ አሳድሬ፣ የረጋውን ስብ ገፍፌ ጥዬዋለሁ። የኮኮናቱንም ወተት በውሃ አቅጥኜዋለሁ። ከፋሲካ ጀምሮ እሁድ እሁድ የምትበላው ይሄንኑ ነው።»

ያኔ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጎረቤታችን ሃሎቲ ሆዱን ይዞ «ሰባኪው! አሳማዎቹ እንዴት አደሩ?» ይለኛል። ልጄ፣ እግሬ ከዚያ እንዴት እንዳወጣኝ አላውቅም።

ቤት ስንገባ ጮህኩባት። «አራት ወር ሙሉ ስታታልይኝ! ለኔ ጤና አስበሽ ከሆነ መንገር ነው እንጂ! ሕፃን ነኝ?»

ሳህን እያጠበች ነበር። ዘወር እንኳን አላለችም።

«ላንተ አይደለም» አለችኝ።

«ምን አልሽ?»

«ላንተ ብዬ አይደለም ሴሚሲ። ሁለት ድስት መጣድ ስለደከመኝ ነው።»

እጇን አደራርቃ ከመዝሙር መጽሐፏ ውስጥ የክሊኒክ ካርድ አውጥታ ሰጠችኝ። ስሙ የሷ ነው። ስኳር። ሐሙስ ሐሙስ ከሴቶቹ ጋር ምንጣፍ ልሠራ ነው እያለች የምትወጣው ለካ ወደ ክሊኒክ ነው። ከዚያ ቁጭ ብላ የግራ እግሯን ካልሲ አወለቀች። ትንሿ ጣቷ ጠቁራለች። ቤት ውስጥ ካልሲ ማድረጓን ስንት ቀን አይቻለሁ! አንድ ቀን ግን ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» ብላት «አንተ በበሽተኛ ስትቀልድ አገር ይስቃል። መሳቂያ መሆን አልፈለግኩማ» አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ትናንት ስብከቱን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ማጀት ገባሁ። ዓሣ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በጎደሬ ቅጠል ጠቀለልኩ፤ የኮኮናቱን ወተት እሷ እንዳለችው አቀጠንኩ። ቅጠሉ ሁለት ጊዜ ተቀደደብኝ። እሷ ወንበር ላይ ሆና «እንደ ሕፃን ነው እኮ የሚጠቀለለው፣ እንደ ሬሣ አይደለም» እያለች ትስቅብኛለች። ቀምሳ «ጨው አብዝተሃል» አለች። ግን ጨረሰችው። እኔ ሳህኑን ይዤ ጓሮ ወጣሁና እዚያው ብዙ ቆየሁ።

የወሩ መጨረሻ ሐሙስ ኑኩአሎፋ ትልቁ ሆስፒታል ቀጥረዋታል። የሚቆርጡት ጣቷን ብቻ ነው ይላሉ። ቫሴቲን «ጣቷን ብቻ ነው አይደል?» ብዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅኳት፤ ሦስቱንም ጊዜ «ሐኪሙ ያየዋል» ነው ያለችኝ።

እናትሽ «ልጅቷ ሥራ ላይ ናት፣ አታስደንግጣት» ብላ አስምላኛለች። ስለዚህ ስትደውዪ ምንም እንዳልሰማሽ ሁኚ። ደብዳቤውን የምታደርስልሽ የሃሎቲ እህት ናት፤ ረቡዕ ትበራለች።

ነይ አልልሽም። የሥራሽን ነገር አንቺ ታውቂያለሽ። ክፍልሽን ግን ዛሬ ጠርጌ አንሶላሽን አጥቤዋለሁ፤ አቧራ በዝቶበት ስለነበር ነው።

እግዚአብሔር በመንገድሽ ሁሉ ይቅደምልሽ፤ የምትጎርሺውንም ይባርክልሽ።

አባትሽ
ሴሚሲ