የአባባ ኩዊኒንና የጂጂ መርፌ

ይድረስ ለውድ አባቴ ለአቶ ገብረወልድ፤

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? የደብረ ብርሃን ውርጭ ጉልበትዎን እንዴት አደረገው? እማዬስ ሳሉ ተሻላት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ልጄ ጂጂም ድናለች። ይህን ያስቀደምኩት ደብዳቤውን እስኪጨርሱ እንዳይጨነቁ ብዬ ነው። በስልክማ ስጮህ የመቂ ሽንኩርት ጫኞች ሁሉ ሰሙኝ፣ እርስዎ ብቻ አልሰሙኝም።

ጂጂን ትኩሳቱ ራሷን ሲያስታት የመቂ ጤና ጣቢያ ሰዎች ወደ አዳማ ሆስፒታል ላኩን። ወባው ጭንቅላቷ ላይ ወጥቷል አሉ። እርስዎ ደግሞ እኔን ያዳነኝ ኩዊኒን ነው፣ በጉሉኮስ ይሰቀልላት፣ በመርፌ እንዳያታልሏችሁ ብለው በጎረቤትዎ በሰይፈሚካኤል በኩል ላኩብን። ባለቤቴ ጋዲሳ መቼም የአማቱን ቃል መሬት አይጥልም። አጠገቧ ለተኛው ልጅ ጉሉኮስ ተሰቅሎ ሲያይ የእኔ ልጅ ምን አጠፋች ብሎ መርፌ የያዘችው ነርስ ፊት ተገተረ። እኔም ከጎኑ ቆምኩ።

ነርሷ ዱሬቲ ትባላለች፤ አልተቆጣችንም። ኩዊኒን ብዙ ሰው ያዳነ መድኃኒት ነው፣ ግን ቀስ እያለ ካልገባ ልብ ያውካል፣ የደም ስኳር ያወርዳል፣ ጆሮም ያስጮኻል አለች። አርቴሱኔት የሚባለው ይህ መርፌ ግን ጀርሙን ቶሎ ይገድላል፤ ሁለቱ ተወዳድረው በመርፌው ከታከሙት ልጆች የሞቱት ያነሱ ናቸው አለችን። ጆሮ ስትል ከመተሐራው ወባ ወዲህ የደነቆረው ግራ ጆሮዎ ትዝ አለኝ። ጋዲሳን ክንዱን ይዤ ሳብኩት። ቃልዎን አፈረስኩ አባባ፣ ከፈለጉ ይቆጡኝ።

በማግስቱ ዓይኗን ገለጠች። ውሃ እንኳ ሳትል ማካሮኒ ጠየቀች! አለቀስኩ። መርፌው ሲያበቃ የሚዋጠውን ክኒን ከምግብ ጋር ጨረሰች። ከመርፌው በኋላ ደሟ እንዳልወረደ ለማየት ደግሞ በሚመጣው ሳምንት ለምርመራ ተቀጥረናል። ቤት እንደገባን ጆሮዋን ልፈትን ብዬ ከጀርባዋ ሆኜ በሹክሹክታ ማካሮኒ አልኩ፤ ወዲያው ዞረች። ኩዊኒንዎን ግን አልናቅኩትም። ያኔ እሱ እርስዎን ባያድን እኔም ጂጂም የለንም።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ሰይፈሚካኤልን ስለተላላከን ያመስግኑልኝ። ጋዲሳ ቁጣዎን ፈርቶ አንድ ኬሻ ሽንኩርት ልኳል። ጂጂ ደግሞ ለገና ስንመጣ በግራዎ በኩል እቀመጣለሁ ብላለች፤ በዚያ በኩል የሚነገረውን እኔ እሰማላቸዋለሁ ትላለች።

ልጅዎ ሉሊት
መቂ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.